ፎጣ የጠመጠመችው ሴትዮ

በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ የተኮሰች ሴት ነበረች። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ተኳሽ ነኝ» ትላለች። ጠያቂው ክው ሲል ትንሽ ታቆየውና «የአንሶላ» ብላ ትገላግለዋለች። በዚያው ተኳሿ ተብላ ቀረች። ከበር ጠባቂዎቹ እስከ ወጥ ቤት ድረስ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ አልነበረም። ሳቂታ ናት፤ ስትቆጣ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው ማሽን ሁሉ ድምፁን የቀነሰ ይመስላል።

አጠገቧ ቆመው የተተኮሰውን የሚያጥፉት እትዬ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው ተጠግቷል። አንሶላውን ሁለቴ ዘርጋ፣ ሦስቴ እጥፍ አድርገው ሲያስቀምጡት ጥጉ ከጥጉ ጋር አንድ ፀጉር አይስትም። ከእሳቸው አፍ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ተኳሿ ደሟ ሲፈላ «ተዪው ልጄ፣ ይለፍ» ይሏታል፤ እሷም ለእሳቸው ስትል ብዙ ነገር አሳልፋለች። በኋላ በጣም የቆጫትም ይኸው ነው።

ውሃ ከሚያፈላው ቦይለር ወደ ተኩስ ማሽኑ እንፋሎት የሚያመጣው ቧንቧ በተኳሿ ራስ ላይ ያልፋል። ቧንቧው ላይ ያለው መዝጊያ ካረጀ ቆይቷል። አንዳንድ ቀን ድንገት ይለቅና ክፍሉ በአንድ አፍታ ነጭ ይሆናል፤ ሁለቱ ሴቶች ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው አይተያዩም። ያኔ የደረሱበትን ፎጣ ራሳቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ። ዋናው መዝጊያ ያለው ቦይለር ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ ቁልፉ የሚገኘው ቴክኒሺያኑ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

ቴክኒሺያኑ ጋሽ መፍቻ ይባሉ ነበር፤ መፍቻ ከኋላ ኪሳቸው ወጥቶ ስለማያውቅ። ደግ ሰው ናቸው፣ ችግሩ ጆሯቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በሞተር መሐል ሠርተው ስልክ ሲጠራ አይሰሙም። አንድ ጠዋት እንፋሎቱ ለቆ ሁለቱ ሴቶች ሃያ ደቂቃ ኮሪደር ላይ ላብ በላብ ሆነው ጠበቋቸው። ጋሽ መፍቻ ሲደርሱ አፈሩ። ስልኩን ባይሰሙም መልእክት ሲገባ ኪሳቸው ውስጥ ሲነዝራቸው ይታወቃቸዋልና፣ ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ግሩፕ ላይ እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው። ግን በረጠበ እጅ፣ ጉም በለበሰ ስልክ ላይ ማን ይጽፋል?

መላውን ያገኙት እትዬ ናቸው። በምሳ ሰዓት ስልካቸውን ሲነካኩ ከትንንሾቹ ሥዕሎች፣ ኢሞጂ ከሚባሉት መሐል፣ አንዷ ላይ ደረሱና መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ፎጣ በራሷ ላይ የጠመጠመች፣ እስከ ደረቷ በእንፋሎት የተሸፈነች ሴትዮ ናት። ስልኩን ወደ ተኳሿ አዙረው «ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉ።

ተኳሿ አይታ እስኪያስላት ሳቀች። «እኔስ ነኝ። ፈገግታዋ ነው ያልገባኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝጊያው ሲለቅ ፎጣ የጠመጠመችው ሴትዮ ግሩፑ ላይ ትላካለች። አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ጋሽ መፍቻ ሴትዮዋን ሲያዩ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። ሦስት ደቂቃ ፈጅቶባቸው አያውቅም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ጋሽ መፍቻ ጡረታ ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት መዝጊያው መቀየር እንዳለበት ጽፈው፣ ፈርመው ለቢሮ አስገብተዋል። በምትካቸው ሰው አልተቀጠረም። ጥገናው ለውጭ ድርጅት ተሰጠና አንድ ነገር ሲበላሽ ቅጽ ተሞልቶ፣ ቅጹ ተፈርሞ፣ ሰው እስኪላክ መጠበቅ ሆነ። የቦይለሩ ክፍል ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፤ ቁልፉም ፎቅ ላይ ባለው ቢሮ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን አዲስ የሰው ሀብት ኃላፊ መጣች። ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ ሰውን ሁሉ በፈገግታ የምትቀበል ሴት ናት። ሠራተኛው ተጨናንቋል፣ ራሱን መንከባከብ አለበት ብላ በየክፍሉ ግሩፕ ገባች። በገባች በሳምንቱ የእንፋሎቱ መዝጊያ ለቀቀ፣ እትዬም ቁልፉን የያዘ ሰው ይድረስ ብለው እንደለመዱት ሴትዮዋን ላኩ። ኃላፊዋ ወዲያው መለሰች፤ አንድ ቀይ ልብ፣ ከሥሩ «ለራስ ጊዜ መስጠት እንዲህ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል እንማር» የሚል ጽሑፍ። ሁለቱ ሴቶች እንፋሎቱ በራሱ ጊዜ እስኪደክም ኮሪደር ላይ አርባ ደቂቃ ቆሙ።

ተኳሿ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ሽቶ የሚሸት እንፋሎት ቡልቅ ቡልቅ ታደርጋለች። ተኳሿ ዓይኗን ከዚያች ዕቃ ላይ መንቀል እያቃታት ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች፤ ሥዕሏ የድረሱልን ጥሪ እንደሆነች፣ መዝጊያው አደገኛ እንደሆነ፣ ጋሽ መፍቻ ጽፈውት የሄዱት ወረቀት እዚሁ ቢሮ እንዳለ ተናገረች። ኃላፊዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አዳመጠቻት። ስትጨርስ ስለ ጥገናው ቅጽ እንድትሞላ ነገረቻት። ስለ ሥዕሏ ግን ሳቀች፤ በጣም የሚያምር ታሪክ ነው፣ አንቺ ግን ትንሽ ውጥረት ይታይብሻል አለቻት።

ተኳሿ ቅጹን ሞላች። በሳምንቱ ሌላ ሞላች። ከዚያ ሦስተኛ። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለች።

ሴትዮዋ ግን ከምድር ቤት ወጥታ ሆቴሉን ሁሉ አዳረሰች። ኃላፊዋ የየክፍሉን ግሩፕ ወደ አንድ ጠቅልላ በየአርቡ ለሠራተኛው በሙሉ ትልካት ጀመር። እንግዳ ተቀባዮቹ ዕረፍት ሲወጡ ይለጥፏታል፣ ምግብ አብሳዮቹ ሥራ ሲጨርሱ ይላላኩባታል። አንዱ አስተናጋጅ ሌላውን «ቅዳሜ ምን ልታደርግ ነው?» ሲለው ተጠያቂው ራሱ ላይ ፎጣ የሚጠመጥም ይመስል እጁን ያዞራል፣ ሁለቱም ይግባባሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሥዕሏን ያየ ሁሉ ዘና ማለት፣ ራስን መንከባከብ ማለት እንደሆነች ያውቃል። ሌላ ትርጉም እንደነበራት የሚያስታውሱት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። ተኳሿ ከእንግዲህ በሥዕል ሳይሆን በቃል እንጻፍ ብላ እትዬን አስማለቻቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ።

አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ተኳሿ ከስምንተኛ ፎቅ ሳውና፣ ከእንግዶቹ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ የወረደውን ፎጣ ለማምጣት ጋሪ ይዛ ወጣ አለች። እትዬ ሥራው እንዳይቆም በእሷ ቦታ ማሽኑ ፊት ቆሙ። መዝጊያው የዚያን ቀን መልቀቅ ብቻ ሳይሆን ከነብሎኑ ተፈናጥሮ ወጣ። ተኳሿ ድምፁን ከኮሪደሩ ጫፍ ሰማችው። ጋሪውን ገፍትራ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ያየችው ነጭ ግድግዳ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ኋላ መለሳት። «እትዬ» ብላ ተጣራች። መልስ የለም።

ወደ ቦይለር ክፍል ዞረች። ጓጉንቸሩ ተቆልፏል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ ነቅላ በሁለት እጇ አንስታ ጓጉንቸሩን መታችው፣ ደገመችው፣ በስንተኛው እንደተሰበረ አታስታውስም። ጋሽ መፍቻ አንድ ቀን ያሳዩዋትን የዋናውን መዝጊያ ቀይ መዘውር ይዛ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችው።

እትዬን ያገኘቻቸው ከማሽኑና ከግድግዳው መሐል ተጣብቀው ነው። ፊታቸውን በግራ ክንዳቸው ሸፍነዋል። እጅጌያቸውን ልትሰበስብላቸው ስትል ከጨርቁ ጋር ቆዳው አብሮ መጣ። «እኔን፣ እኔን» እያለች ጎትታ አወጣቻቸውና ክንዳቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዘችው።  

በቀኝ እጃቸው የጨበጡት ስልክ ድምፅ ያሰማል፤ ጭር ይልና ደግሞ ያሰማል። ተኳሿ ከጣታቸው አላቃ አየችው። በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ ምንም ሳይታያቸው፣ እጃቸው የለመደውን አድርጓል። ሴትዮዋን ልከዋል። ከሥሯ ሠላሳ ስምንት ልብ ተደርድሯል። የመጨረሻው መልስ የኃላፊዋ ነው፤ «ይገባዎታል እትዬ» ይላል።

እትዬ ሆስፒታል በተኙ በአሥረኛው ቀን ለልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁለት መቶ ነጭ ቲሸርት ወረደ። በማግስቱ በአዳራሹ ለሚከበረው ራስን የመንከባከብ ቀን ተተኩሶ እንዲቀርብ ነው። ተኳሿ የመጀመሪያውን ዘረጋች። ደረቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመችው ሴትዮ፣ የሰው ፊት አክላ፣ ፈገግ ብላለች። ቧንቧው በብረት ሽቦ ታስሮ ሥራ ቀጥሏል፤ መዝጊያው አልተቀየረም። ተኳሿ ካውያውን አጠፋች። የዘረጋችውን ቲሸርት መልሳ ጋሪው ላይ ጣለችው።

በማግስቱ ሁለት መቶውን ቲሸርት እንደተጨማደደ ጋሪ ላይ ጭና በእንግዶች ሊፍት ወደ አዳራሹ ይዛው ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ መድረክ ላይ ሆና፣ ይህች የምትወደድ ምልክታችን ከራሳችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የተገኘች ናት እያለች ነው። ቀጥላም ምልክቷን ላስተዋወቁልን ለእትዬ፣ ሲያገግሙ የሚጠቀሙበት፣ በስምንተኛ ፎቅ ሳውና የአንድ ቀን ግብዣ ተዘጋጅቷል አለች። አዳራሹ አጨበጨበ።

ተኳሿ ጋሪውን በወንበሮቹ መሐል እየገፋች መድረኩ ሥር አደረሰችው። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

«የተቃጠለ ሰው እንፋሎት ውስጥ ልትከቺ ነው?» አለቻት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኃላፊዋን እርስዎ እንጂ አንቺ ብላት አታውቅም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይህን ሰማ። ኃላፊዋ ፊቷ ደም ለብሶ፣ በግል እንነጋገር አለቻት።

«በግል ነግሬሻለሁ። ቢሮሽ ድረስ መጥቼ፣ ይቺ ሥዕል ድረሱልን ማለት ናት ብዬሻለሁ። ሳቅሽብኝ። ውጥረት አለብሽ አልሽኝ።» ስልኳን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ሥዕሏ ከምድር ቤት የተላከችበትን እያንዳንዱን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ከሥሯ የተደረደረውን የልብ ብዛት ጠራች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከተቀመጡት መሐል አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ልብ ሲያይ አንገቱን ደፋ። የሐሙሱ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «እዚህ ላይ ክንዳቸው እየተላጠ ነበር። አንቺ ይገባዎታል ብለሽ ጻፍሽላቸው።»

«እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት» አለች ኃላፊዋ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ክፋት እንዳልነበራት ያየ ሁሉ ያምናል። ተኳሿንም ይበልጥ ያናደዳት ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀልላት ነበር።

መዝጊያው በሁለተኛው ቀን ተቀየረ። ስንት ወር ቅጽ የተሞላበት ሥራ የፈጀው የግማሽ ቀን ነው። ተኳሿ ደግሞ በሥራ ቦታ የበላይ ኃላፊን በማዋረድ እና ጓጉንቸር በመስበር የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። አልፈርምም አለች። ኃላፊዋ ሥዕሏን ከዚያ ወዲያ አልላከችም፤ ሌላው ግን ከወር በኋላ ረሳውና መልሶ ይላላክባት ጀመር።

እትዬ ከሆስፒታል ሲወጡ ግራ ክንዳቸው አልዘረጋ አለ። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ክንድ ይጠይቃልና ከሥራ ተሰናበቱ። ተኳሿ ቤታቸው ሄዳ ለከተማው ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አብረን እንክሰስ ብላ ለመነቻቸው። እትዬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ በደህናው እጃቸው የታመመውን ይዘው፣ እንደ ወትሮው «ተዪው ልጄ፣ ይለፍ» አሏት።

«ይኼን አልተውም እትዬ። እርስዎም እንዲተዉት አልፈልግም።»

 እትዬ መነጽሬን አቀብዪኝ አሏትና ጽፋ ያመጣችውን ማመልከቻ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ «ጉዳት ደርሶብኛል» የሚለውን ጠቁመው፣ ማን እንዳደረሰው ካልተጻፈ በራሴ የመጣ ይመስላል አሉ። ተኳሿ አስተካክላ ጻፈች። እትዬ ፈረሙ።

ቢሮው የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው። ሁለቱ ሴቶች ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ጥበቃው ቀጠሮ እንዳላቸው ጠየቃቸው። ተኳሿ የላቸውም፣ ግን እስኪገቡ ድረስ እዚሁ ይቆማሉ አለችው። አንድ ጊዜ ፊቷን አየና ለእትዬ የራሱን ወንበር አመጣላቸው።