ኮዱ ጋሽ ይልማ ጋ ነው

«እሞታለሁ እንጂ ለሱ አልደውልም!» ትላለች አክስቴ ታቢታ። ጤና ጣቢያ ነን፣ እግሯ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የዓሣ እሾህ ወግቷት ነው። ሲስተር ሮሆቦት መርፌውን ይዛ ቆማለች፣ ግን አትወጋም። ለምን መሰላችሁ? አምና አክስቴ አንድ መድኃኒት ወስዳ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ለትንሽ ነው የተረፈችው። ስሙን ግን አታስታውስም።

«ነጭ ነው» ትላለች።

«እናቴ፣ ሁሉም ነጭ ነው» አለች ሲስተር። «በግምት አልወጋዎትም። ስሙ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ግን ፋይልዎ የሚከፈተው ስልክዎ ላይ በሚላክ ኮድ ነው።»

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አክስቴ ያኔ ስልኳ ተበላሽቶ ስለነበር የጎረቤቷን የጋሽ ይልማን ቁጥር ነው ያስመዘገበችው። አሁን ደግሞ ተኳርፈዋል። እሳቸው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሲሸጡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «የትናንት ዓሣ ነው!» ብላ ጮኻባቸዋለች።

«ቁጥሩን ቀይሪልኛ» አለች አክስቴ።

«ቁጥሩን ለመቀየርም ኮዱ ያስፈልጋል።»

ጠዋት ሙሉ መብራት አልነበረም፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ጠፋ። አሁን ሁለቱም ስላሉ ሲስተር ቶሎ ብላ ኮዱን ላከችው። እኔም ደወልኩ።

«ጋሽ ይልማ፣ ኮድ ገባልዎት?»

«ገብቷል። ግን ‹ለማንም አይስጡ› ይላል።»

«ኧረ ለአክስቴ ነው! እግሯ አብጧል!»

«እግዚአብሔር ይማራት። ራሷ ትጠይቀኝ። ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ፣ ደንበኞቼ እዚሁ ናቸው። ‹ዓሣው ትኩስ ነበር› ትበል፣ ወዲያው እነግራታለሁ።»

ስልኩን በእጄ አፈንኩና አክስቴን አየኋት።

«ጌታ እያየኝ ልዋሽ?» አለች። «ሸቷል ስልህ! ድመት እንኳ አይበላውም!»

«ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው» አለች ሲስተር ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ። «ካለፈ እንደገና ለመላክ ኔትወርኩ ይኑር አይኑር እንጃ።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የአክስቴን ድምፅ አስመስዬ ስጣራ የገዛ ልጇ ዮዲት እንኳ «አቤት እማዬ» ብላ ከጓዳ ትወጣለች። ጉሮሮዬን ጠረግ ሳደርግ አክስቴ ገባት።

«ዋ! በኔ ድምፅ ብትዋሽ የወንድሜ ልጅ አይደለህም!»

እግሯን አየሁት፣ ቅድም ከነበረው ብሷል። ከስልኩ ውስጥ ጋሽ ይልማ «ሃሎ? ታቢታ፣ አለሽ?» ይላሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?