ከመሰላል ነው የወደቅሁት

ቀለም ቀቢዋ ከመሰላል ወድቃ ግራ ክንዷ ሲሰበር መጀመሪያ ያሳሰባት ሂጃቧ ነበር። የሥራው ሂጃብ ቀለም የጠገበ ነው፤ ለሰው ፊት አይሆንም። ጥርሷን ነክሳ በአንድ እጇ ንጹሑን ለበሰች፤ ጣቶቿንም በቀለም ማስለቀቂያው በቲነር አጠራች። እናቷ ያሳደገቻት እንዲያ ነው። ከዚያ ልብስ ሰፊ ባሏን በስልክ ጠራችው። ልብስ ሰፊው መርፌ ከነክሩ ደረቱ ላይ እንደተሰካ፣ የአምስት ዓመት ልጃቸውን አዝሎ እየሮጠ መጣና ሐኪም ቤት አደረሳት።

ሐኪሙ ራጁን አየ፤ ቀጥሎ ሂጃቧን አየ። ባልየው ውጭ እንዲጠብቅ አዘዘ።

«ማን ነው የመታሽ?» አላት።

ሳቋ መጣ። ልብስ ሰፊው እኮ አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «የዚህ ቤት አባወራ እሷ ናት» እያለ ያሾፍበታል። ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ከመሰላል ነው የወደቅሁት አለችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነ ሰው አነቃነቅ ግን አልነበረም።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ተጠራች። ደግ ሴት ናት፤ መከራውም ደግነቷ ነው። ክፉ ብትሆንማ ቀለም ቀቢዋ የምትመልስላት አታጣም ነበር። ጤነኛ እጇን ይዛ፣ እንዳንቺ ያሉ ብዙ አይቻለሁ አለቻት። እንዳንቺ ያሉ ማለት የትኞቹ እንደሆኑ አልተናገረችም፤ ዓይኗ ግን ሂጃቡ ላይ ነበር። ቀለም ቀቢዋ የምትቀባውን ቤት ባለቤት ስልክ ሰጠቻት።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሥራ የጀመረች ሰሞን ደንበኞች ገና ሲያዩዋት «ባለሙያውን ላኪልን» ይሏት ነበር። አንዷማ በሩን ሳትከፍት፣ ባልሽ ፈቅዶልሽ ነው ወይ ብላ ጠይቃታለች። ስለዚህ ባልና ሚስት መከሩ፤ እሱ ሄዶ ይዋዋላል፣ እሷ ባዶው ቤት ገብታ ትቀባለች። ለኑሮ ብለው ያመጡት ዘዴ ነው።

የቤቱ ባለቤት በስልክ፣ ቀቢው ወንድ ነው፣ አንደበቱን ትንሽ ይይዘዋል፣ ሂጃብ የለበሰች ሴት ቤቴ ገብታ አታውቅም አለ።

ሠራተኛዋ ስልኩን ዘግታ በሐዘኔታ አየቻት። ቀለም ቀቢዋ የውሉን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ባስረዳች ቁጥር ውሸታም፣ በማለች ቁጥር ፈሪ መሰለች። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙ ያስጠራው ፖሊስ ባሏን ሲመረምረው ይሰማታል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ቤት ውስጥ የጀመረውን ቃል የምትጨርስለት እሷ ናት። አሁን «እ... እ... እኔ...» ሲል የሚጨርስለት የለም፤ ፖሊሱም መንተባተቡን እንደ ጥፋተኛነት ቆጠረው። ተነሥታ ልትወጣ ስትል ነርሶች በሩ ላይ ያዟት፤ አይዞሽ፣ እዚህ አይደርስብሽም አሏት።

ሠራተኛዋ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። መመታቷን አምና ከፈረመች ልጇን ይዛ እህቷ ቤት ትሄዳለች። ከካደች ግን፣ የሚመታትን የምትሸሽግ እናት ልጅ ልትጠብቅ አትችልምና፣ ልጅቷ ዛሬውኑ ሕፃናት ማቆያ ትገባለች። ጉዳዩ እስኪጣራ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

«እህቴ፣ በልጄ እምልልሻለሁ፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።»

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለች ሴትዮዋ እያባበለች።

በበሩ ስንጥቅ ልጅቷ ትታያለች፤ ወንበር ላይ ሆና እግሯን ታወዛውዛለች። ቀለም ቀቢዋ ተስፋ ቆረጠች። እውነት የሚጠቅመው ሰሚ ላለው ነው።

«መታኝ» አለች።

ሴትዮዋ እንባ አቅርራ አቀፈቻት። ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረችው ሁሉ ያመኗት ይህን ብቻ ነው። በምን እንደመታት ጠየቀቻት፤ መጻፍ አለበት። ቀለም ቀቢዋ ቤቷን በሐሳቧ ዞረችው፤ በዚያ ቤት ሰው የተመታበት ነገር አጣች።

«በእጁ» አለችና ፈረመች።

ባሏን ሲወስዱት ልጅቷ እየሮጠች ገብታ የእናቷ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ አባዬ ምን አድርጎ ነው?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን እንደያዘች አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ቀለም ቀቢዋ የልጇን ፀጉር በደህና እጇ ዳበሰች።

«መትቶኝ ነው» አለቻት።