ቀኑ ነገ ነው

ሎሬታ ከአሜሪካ ወደዚህች የፖርቱጋል መንደር ከመጣች ወዲህ እንደዚያን ምሽት ተናዳ አታውቅም። ልጇ ቴስ፣ የአሜሪካ ልጆች ከረሜላ የሚለምኑበት የሃሎዊን ምሽት ነው ብላ፣ የጠንቋይ ቆብ ደፍታ በየቤቱ ስትዞር ባዶ እጇን እንዳትመለስ፣ እናትየው ቀደም ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ከረሜላ አድላ ነበር። ሰዎቹ ግን በር እየከፈቱ፣ "ቀኑ ነገ ነው፣ የኔ ልጅ" እያሉ መለሷት።

"የገዛ ከረሜላዬን ከለከሉኝ እኮ" አለች ሎሬታ ለባሏ።

ቤት የቀረችውንም ጥቂት ከረሜላ ቴስ እያለቀሰች ጨረሰቻት።

በማግስቱ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሎሬታ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ብትከፍት፣ የመንደሩ ልጆች በሙሉ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ተሰልፈዋል። "ዳቦ ስለ እግዜር" ይላሉ።

ጎረቤቷ ዶና ግራሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። "የቅዱሳን ሁሉ በዓል አይደል? ልጆች የሚዞሩት ዛሬ ነው ብለንሽ የለም እንዴ? ስጫቸው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?"

"ምኑን ልስጣቸው? ያለኝ ሁሉ እናንተ ቤት ነው" አለች ሎሬታ ጥርሷን ነክሳ።

ከሰልፉ መጨረሻ ቴስ ቆቧን እንደደፋች ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ እናቷን እንደማያውቅ ሰው ከረጢቷን ዘረጋችና፣ "ስለ እግዜር" አለቻት።