የእንሽላሊት ወባ

"ይቺኛዋ ወባ አለባት" አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ።

እንሽላሊት አዳኙ ክው አለ። ድሮ ግንበኛ ነበር፤ ወገቡ እምቢ ሲለው በየድንጋይ ካቡ እየዞረ ለተመራማሪዎች እንሽላሊት መያዝ ጀመረ። ትናንት ይዞ ሲመጣ ላቦራቶሪው ተዘግቶ ስለጠበቀው፣ ሦስት እንሽላሊቶች በጨርቅ ከረጢት ቋጥሮ አልጋው ሥር አሳድሯል። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እንሽላሊት የሚባል ነገር ስሙም አይጠራባት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰውነቷ እንደ እሳት እየፋጀ፣ "ድካም ነው፣ ይተወኛል" ብላ ሸኝታዋለች።

ባዶ ከረጢቱን እንኳ ሳያነሳ ወደ ቤቱ በረረ።

ጤና ጣቢያ ደግፎ አደረሳት። ደምም ሽንትም ሰጠች። ውጤቱ እስኪመጣ መቀመጫው እሾህ ሆነበት፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

"የታመምኩት እኔ፣ የሚያልብህ አንተ! ምን ሆነሃል?"

"ምንም" አለ። በሆዱ ግን 'በገዛ እጄ ጨረስኳቸው' ይላል።

ሐኪሙ ጠራቸው። "ወባ የለብሽም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት አዝዤልሻለሁ፤ ቀለል አለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪው። የልጁ የልብ ምት ደህና ነው።"

አዳኙ ግን አላመነም። "ዶክተር፣ የእንሽላሊት ወባ ቢሆንስ?"

ሐኪሙ ቀና አለ። "የምን?"

"ሥራዬ እንሽላሊት መያዝ ነው። አንዷ ወባ ተገኝቶባታል። እቤት ይዤው ገብቼ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"አይዞህ። የእንሽላሊት ወባ ተውሳኩ ሌላ ዝርያ ነው፤ እንሽላሊቷን ያማታል እንጂ ሰው አይዝም። ይልቅ እጅህን መታጠብ አትርሳ።"

አዳኙ እፎይ ሲል ትንፋሹ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ግድግዳውን ተደገፈ።

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። "ለዚህ ነው እንዲህ የተርበደበድከው? ሞኝ! የያዝካቸው እዚያው ሥራ ቦታህ፣ እኔ እቤቴ!"

ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። መድኃኒቱን ተቀብለው በር ላይ ሲደርሱ ግን ክንዷን ይዞ አስቆማት።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። መጀመሪያ ግን ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"ትናንት አልጋችን ሥር ሦስት እንግዶች አድረው ነበር።"