የኮሪደሩ መታጠፊያ

ሥራዬ የማሽን ክፍሎችን በወረቀት ላይ መንደፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ መስመር ሳሰምር እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ እማዬን ደግፌ መታጠቢያ ቤት አደርሳለሁ። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ያለ እኔ አትራመድም። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ምሳ ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ አደርሳታለሁ፣ ማታም እንደዚያው። ወገቤ የኔ መሆኑ ቀርቷል። ውኃ ጠጪ ስላት «ደግሞ ላስቸግርሽ?» ትለኛለች፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ። እኔን ላለማስቸገር ተጠምታ ትውላለች።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ትልቋ እህቴ በስልክ ቁርጡን ነገረችን። ወሩ ሲያልቅ ትመጣለች፤ እማዬ እስከዚያ ራሷን ችላ ካልተራመደች ይዛት ትሄዳለች። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። እዚህ ቤት የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ ታውቃለች፤ እዚያ ግን ካስቀመጧት እንደማትነሳ ነገረችኝ። እውነቷን ነው።

አናጢው ታናሽ ወንድሜ ከመኝታ ቤቷ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ የእንጨት መደገፊያ ሊሠራላት ተነሳ። ችግሩ ኮሪደሩ መሀል ላይ ይታጠፋል። እጇ ሳይቋረጥ እንዲያልፍ እንጨቱ ጥጉ ላይ በቅስት መዞር ነበረበት። ሥዕሉን እኔ ላይ ጣለው። ጥጉ ስንት ዲግሪ ነው ብዬ ስጠይቀው «ጥግ ያው ጥግ ነው፤ ዘጠና ነዋ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ተነስቼ አልለካሁም። ለዘጠና ዲግሪ አቋራጭ አለው፦ ከጥጉ ጀምሮ በሁለቱም መስመር ላይ የቅስቱን ራዲየስ ያህል ይለካል፣ ከሁለቱ ምልክቶች በዚያው ልክ ኮምፓስ ይዞራል፣ ጭረቶቹ የተገናኙበት የቅስቱ ማዕከል ይሆናል። እጄ ስለለመደው ጭንቅላቴን ሳያማክር ጨረሰው።

ወንድሜ እንደ ሥዕሉ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ገጠመው። ለዓይን እንከን አልነበረውም። እማዬ ያዘችውና ብቻዋን መሄድ ጀመረች፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ቀጥታው አልቆ ቅስቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣቷ ስብራት አገኘ።

«አለቀ» አለችና ለቀቀችው። ሳልደርስላት በጉልበቷ ወደቀች።

ጉልበቷ አበጠ እንጂ አልተሰበረችም። ከወንድሜ ጋር ተነታረክን፤ እኔ መላጊያውን ወቀስኩ፣ እሱ ሥዕሌን። በመጨረሻ የዘጠና ዲግሪ መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ አምጥቶ ጥጉ ላይ ሲያስጠጋው አንዱ ክንድ ግድግዳውን ይዞ፣ ሌላው ጫፉ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ግንበኛው ጥጉን ሰፋ አድርጎ ትቶት ሄዷል። ተወልደን ያደግንበት ቤት ጠማማ መሆኑን ያን ቀን አወቅን።

በእረፍት ቀናችን ኮሪደሩ ወለል ላይ በጠመኔ በሙሉ ልኩ ነደፍኩት። መጀመሪያ መደገፊያው የሚሄድባቸውን ሁለት መስመሮች አሰመርኩ። ከዚያ ከእያንዳንዳቸው ራዲየሱን ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ ትይዩ መስመር ሳብኩ። ትይዩዎቹ የተቋረጡበት ነጥብ ማዕከሉ ነው፤ ከሁለቱም መስመሮች እኩል ስለሚርቅ ጥጉ ቢሰፋም ቢጠብም አይዋሽም። ከማዕከሉ ወደ ሁለቱ መስመሮች በስኳድራ ቀጥ ብዬ ስመጣ ቅስቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ አገኘሁ። የበፊቱ መነሻችን ከጥጉ ከሚገባው በላይ ርቆ ነበር። ወንድሜ ማዕከሉ ላይ ሚስማር ደግፎ ያዘ፣ እኔ በሲባጎ ጠመኔውን አዞርኩ።

እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና ምን እንደምንጭር ጠየቀችን። ጥጉን ስትዞር እንዳይታወቃት እየሠራን ነው አልኳት።

«እኔን ለማሳሳት ነዋ ይኼ ሁሉ» አለች። ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀለደችው ያኔ ነው።

አዲሱ ቅስት ከተገጠመ በኋላ ግን ልትነካው አልፈለገችም። ፈርታ ነበር። ቀኑ እየገፋ ሄዶ እህቴ ነገ ልትደርስ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ልቤ ትምጣና ትውሰዳት ይል ነበር። ደክሞኝ ነበር። አፍሬ ለማንም አልተነፈስኩትም።

ያን ዕለት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እማዬ ራሷ ተነሳች። ግድግዳውን ዳሰሰች፣ መደገፊያውን አገኘች፣ ሄደች። በባዶ እግሬ ተከተልኳት። ጥጉ ጋ ስትደርስ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። አልቆመችም። እጇ እንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ዞረች፣ በሩ ጋ ደረሰች፣ አሁንም ጠንቀቅ እንዳለች ናት።

«ጥጉ ገና ነው?»

«አልፈሽዋል እማዬ። በሩ ጋ ነሽ።»

ከዚያ እጀታውን ፈልጋ ከፈተችው። እንደ ልማዴ ተከትያት ልገባ ስል በመዳፏ ደረቴን ገፋ አደረገችኝ፤ ዘጋችውና ከውስጥ ቆለፈችው።

«በቃ ሂጂ» አለች ከበሩ ጀርባ። «የራስሽ ጉዳይ የለሽም?»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷን መደገፍ ከመጀመሬ በፊት በዚህ ሰዓት የት እሄድ እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ።