ሃርላን የፈለጋቸው ካርቡሬተሮች

ማርላ በአባቷ ለቅሶ ለመጡት ሰዎች ወንበር ልታመጣ ወደ ጋራዡ ገብታ፣ ከጠረጴዛው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አገኘች። ፈታችው። በብረት ላይ ቁጥርና ፊደል የሚቀረጽባቸው መምቻ ብረቶች ነበሩ። አጠገባቸው አዲስ ካርቡሬተር፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል፣ አለ፤ የፋብሪካው ቁጥር ተፍቆ የድሮ ቁጥር ግማሹ ተመትቶበታል።

የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ የፍሊንት ልጅ ስለሆነች ነገሩ ወዲያው ገባት። የሺ ዘጠኝ መቶ ስድሳዎቹ ፈጣን መኪና አብሮት የተሠራው ካርቡሬተር ከሌለ ለአሮጌ መኪና ሰብሳቢ ግማሽ መኪና ነው። አባቷ ሃርላን ስም ያተረፈው ደግሞ የጠፋውን ኦሪጅናል ካርቡሬተር እየፈለገ በማግኘት ነበር። በልጅነቷ "ከየት ታመጣዋለህ?" ስትለው "ሰው ከጣለው" እያለ ይስቅ ነበር። ያኔ ትኮራበት ነበር። ለካ በአዲሱ ላይ የድሮ ቁጥር እየመታ ነበር ኦሪጅናል የሚያስመስለው።

ወንበሮቹን ይዛ ስትመለስ ሳሎኑ ሞልቷል። ጎረቤት ባመጣው የድንች ጥብስ ዙሪያ፣ የአባቷ የወጣትነት ጓደኛ ቨርን ያወጋል።

"ለመኪናዬ ኦሪጅናሉን ፈልጎ ያገኘልኝ እሱ ነው። ሃርላን ዋሽቶ አያውቅም።"

"ስላጠመደው ዓሣ ሲያወራ ካልሆነ በቀር" አለ አንዱ። ሳቁ።

"ሰኞ የመኪናዬ ገዢ ይመጣል" ቀጠለ ቨርን። "ካርቡሬተሩ አብሯት የተሠራው ነው ብዬ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።"

የማርላ ፊት ጋለ። ሰው እስኪዘናጋ ጠብቃ ቨርንን ወደ ጋራዡ ወሰደችው። ቨርን አንዷን መምቻ አንስቶ በጣቶቹ አገላበጣት።

"ለሌላ ሥራ ይሆናል" አለ።

"አይደለም።"

"ገና ሳይቀበር ነው ይሄን የምታሳዪኝ?"

"ሰኞ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ሊምሉለት ነው፣ ቨርን።"

"እኔም የሱን ዓይን እያየሁ ነበር ያመንኩት።" ድምፁ ሰለለ። "ምነው ዝም ብትዪኝ ኖሮ፣ ልጄ።"

አንገቷን ደፋች። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ግን በማን ስም? ቨርን ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያነብበት መስሎት በጓሮ በር ወጣ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስከሬኑን የሚሸከሙት ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከፊት በግራ በኩል የቨርን ቦታ ነበር። እሱ ግን ከሕዝቡ ኋላ፣ እጆቹን ኮቱ ኪስ ከትቶ መሬት መሬት ያያል።

"አንድ ሰው ጎደለን" አለ የቀብር አስፈጻሚው በሹክሹክታ።

ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ማርላ ከቤተሰቡ ረድፍ ወጣች። ማንንም ቀና ብላ ሳታይ የሣጥኑን ባዶ እጀታ ያዘች። ሣጥኑ ሲነሳ ትከሻዋን ወደ ታች ሳበው። ሁለተኛ እጇንም ጨመረች።