የምራቷ ቃል

ፉአቲኖ ወሬ በቀላሉ የምታምን ሴት አልነበረችም። በሳሞአ በምትኖርበት መንደር ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ስታስተምር፣ ነገር በሁለት በሦስት ምስክር ካልጸና በሰው ላይ አይፈረድም ብላ ሕፃናቱን ታስጠና ነበር። ስለዚህ የዲያቆኑ ሚስት ሲሊጋ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ለፍሬ ለቀማ አውስትራሊያ የሄደው የፉአቲኖ ልጅ ላፋኤሌ መጠጥ ጀምሮ መንገድ ላይ ሲንገዳገድ ታየ ስትላት፣ አመሰገነቻት። ሌላ ምስክር እስኪመጣ ልትጠብቅ ወሰነች።

መጣም። በሴቶች ማኅበር ቤት አንዷ ያንኑ ነገረቻት። ከገበያ ስትመለስ ደግሞ አውቶብስ ውስጥ ሌላዋ እጇን ይዛ አጽናናቻት። ሦስት ሆኑ። ሦስቱም ጸሎተኞች፣ ሦስቱም የተከበሩ ሴቶች ናቸው።

ሌላ ነገር የተናገረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የላፋኤሌ ሚስት ማሲና። ከሌላ መንደር ነው የመጣችው። በባሏ ቤተ ሰብ ቤት የምትኖር ምራት ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ ከሁሉም በኋላ ትበላለች፤ ነገር ሲመከር ግን የሚጠይቃት የለም። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣

«እማ፣ እሱ እኮ አይጠጣም። ራሱን ያዞረዋል። ግራ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል» አለች።

«አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ ምን ልትይ ኖሯል» አለቻት ፉአቲኖ።

ላፋኤሌ ራሱም ደወለ። ምላሱ ይጎተታል፣ ቃሉ ይያያዛል። እሷ ይህን እንደ አራተኛ ምስክር ቆጠረችው። ስለ እግሩ ሊነግራት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ንስሐ ስትገባ ደውልልኝ» አለችና ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ስልኩ እየጠራ እሷ ተንበርክካ ትጸልይለት ነበር። እንዲመለስ ለመነች እንጂ፣ ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን አንድም ቀን እግዚአብሔርን አልጠየቀችም።

ላፋኤሌ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት። ሐኪሞቹ ያገኙት ሥራ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ማሲና ከእሱ ጋር በስልክ ተነጋግራ፣ እናቱ እንድታናግረው ልትጠራት እየሮጠች ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ፣ ፉአቲኖ መዝሙሩ እስኪያልቅ በሩ ላይ እንድትቆም በእጇ ምልክት ሰጠቻት። መዝሙሩ ሲያልቅ ላፋኤሌ መስማት ወደማይችልበት እንቅልፍ ገብቶ ነበር። በሳምንቱ ሞተ።

አስከሬኑ እስኪመጣ ፉአቲኖ አስቀድማ ማድረግ የነበረባትን አደረገች። ሁለቱን ሴቶች በየተራ ከማን እንደሰሙ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም የሰሙት ከሲሊጋ ነበር። ሲሊጋ አውስትራሊያ ካለው ከእህቷ ልጅ ሰምታለች። እሱ ግን በመኪና ሲያልፍ ላፋኤሌን ግድግዳ ተደግፎ ሲንገዳገድ አየሁት ከማለት በቀር ስለ መጠጥ አልተነፈሰም።

«መጠጡን ማን ጨመረው ታዲያ?» አለቻት ሲሊጋን።

ሲሊጋ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እኔ እኮ እንድትጸልዪለት ብዬ ነው፣ እህቴ» አለች።

ፉአቲኖ በየፋሲካው ለሕፃናቱ የምትተርከው ትዝ አላት። የጌታን መነሣት ይዘው የመጡት ሴቶች ነበሩ፤ ሐዋርያቱ ግን ይቀባጥራሉ ብለው አላመኗቸውም። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ሐዋርያቱን ትታዘባቸው ነበር።

በቀብሩ ጠዋት ዘመድ በቀብር ለሟች ቤተ ሰብ የሚሰጠውን የክብር ምንጣፍ ይዞ መግባት ጀመረ። ከሁሉም አስበልጣ የምታለቅሰው ሲሊጋ ነበረች። ፉአቲኖ ከተከመሩት ምንጣፎች አንዱን አንሥታ ወጣች። ማሲና ለእንግዳ ከምታበስልበት ማድቤት ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተንበረከከችና ምንጣፉን በራሷ ላይ ደፋችው። ይህ የገዳይ ቤተ ሰብ በሟች ደጅ የሚያደርገው ነው። የተበደለው ወጥቶ ምንጣፉን ካነሣላቸው ይቅር ተባሉ ማለት ነው፤ ካላነሣ እንደተንበረከኩ ይቆያሉ። አማት ለምራቷ ስታደርገው ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

የቤተ ሰቡ አለቃ የሆነው የፉአቲኖ ወንድም ከቤት ወጥቶ መጣ። «ለምራት? ተነሺ፤ መሳቂያ ልታደርጊን ነው?» አላት። ምንጣፉን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበችው። ምንጣፉ ሥር ይሞቃል፤ ላቧ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ በምንጣፉ ጠርዝ በኩል የማሲና እግሮች ታዩዋት። አመድ ለብሰዋል።

«አምንሻለሁ» አለች ፉአቲኖ ከሥር።

«አሁን?» አለች ማሲና።

ምንጣፉ ተነሣ። ማሲና አላቀፈቻትም፤ ምንጣፉን ጠርዝ ከጠርዝ እያገጣጠመች አጠፈችው። ፉአቲኖ ያን ቀን ላፋኤሌ በስልክ ምን እንዳላት ጠየቀቻት።

«‹እማ አመነችኝ ወይ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አዎ አልኩት» አለች ማሲና። «ዋሸሁት፣ እማ።»

ማሲና የታጠፈውን ምንጣፍ በአንድ ክንዷ አቅፋ እንድትነሣ ሌላውን እጇን ዘረጋችላት። ፉአቲኖ የተዘረጋላትን እጅ ያዘች፤ ይዛውም ሳትነሣ እዚያው ሣሩ ላይ እንደተንበረከከች ቆየች።